የግራው ሞተር ዝምታ

ሰልሳቢል አንዋር ጩኸት አትፈራም። አዲስ አበባ ውስጥ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ከሆነች ስድስት ዓመቷ ነው። ሞተር ሲሞከር የሰው ደረት እንደ ከበሮ ቆዳ ይርገበገባል፤ እሷ ግን ጆሮዋን ሸፍና፣ እግሯን ተክላ ታየዋለች። እሷን የሚያስፈራት ዝምታ ነው። ይበልጡንም ዝም ብሎ የሚመጣ ከባድ ነገር።

ይህ ፍርሃት የገባባት በአሥራ አራት ዓመቷ ነው። አባቷ አንዋር የቃጫ ገመድ እየገመደ የሚሸጥ ሰው ነበር። ለበሬም፣ ለግመልም፣ ለጭነትም የሚሆን ገመድ ጨፋ ሮቢት ገበያ አውጥቶ ይሸጣል። በዚያ ቀን ገበያው ቀዝቅዞ ስለነበር ያልተሸጠውን ገመድ ጠቅልለው፣ አንዱን ጫፍ እሱ ሌላውን እሷ ይዘው፣ በአስፋልቱ ዳር ወደ ከሚሴ ይመለሱ ነበር። ቁልቁለቱ ሥር ሲደርሱ ከኋላቸው ማሽላ የጫነ የጭነት መኪና መጣ። አላጓራም። ጥሩምባም አልነፋም። ሰልሳቢል የሰማችው የሸራውን መርገብገብ ብቻ ነው፤ ልብስ ገመድ ላይ ሲርገበገብ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ። ዞር ስትል የያዘችው ገመድ ከእጇ ተመንጭቆ ሄደ። መዳፏን የላጠው ገመድ ጠባሳ እስከ ዛሬ አለ። በገመዱ ሌላኛው ጫፍ የነበረው አባቷ ግን የለም።

ሹፌሩ ካሚል ይባላል፤ የከሚሴ ሰው ነው። ሸሽቶ አልጠፋም። ሕጉ የፈረደበትን ያህል ታስሮ ወጣ። ከዚያ በኋላ እንደ አገሩ ወግ ጉዳዩ ወደ አበጋሮቹ ሄደ፤ ደም የፈሰሰበትንና ያፈሰሰውን አስቀምጠው፣ ቂም እንዳይወራረስ ደም የሚያደርቁ ሽማግሌዎች ናቸው። ከከተማው ዳር ባለው ዋርካ ሥር ሸህ አብዱልጀባር መሃል ተቀመጡ። ካሚል ተነሥቶ፣ «ፍሬን እምቢ አለኝ። የአላህ ቀደር ነው» አለ። ፍሬን እምቢ ያለውን፣ አላህ የጻፈበትን ሰው ማን ምን ይለዋል? የሰልሳቢል እናት መድና አለቀሰች፤ የአባቷ ወንድሞች የይቅርታ እጃቸውን ሰጡ፤ ዱአ ተደረገ፤ ደሙ ደረቀ ተባለ።

ሰልሳቢልን የጠየቃት የለም። ልጅ ነበረች። ማታውን ለእናቷ፣ «መኪናው እኮ ዝም ብሎ ነው የመጣው» አለቻት። መድና ጸጉሯን እየዳሰሰች፣ ድንጋጤ ጆሮ ይደፍናል፣ አንቺ ሳትሰሚው ቀርተሽ ነው እንጂ ያን የሚያህል መኪና ዝም ብሎ አይመጣም ብላ አስተኛቻት። ሰልሳቢልም ጆሮዋን ተጠራጠረች። ስድስት ዓመት ሙሉ ጆሮዋን ተጠራጠረች።

የአውሮፕላን ጥገና ትምህርት ቤት ገብታ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለች አንድ መምህር ስለ ማቆም አስተማሩ። ከባድ ነገርን ማስኬድ ሳይሆን ማቆም ነው ችግሩ አሉ። ምሳሌ ሲፈልጉ የጭነት መኪና አነሱ። ቁልቁለት ላይ ማርሽ ያስገባ መኪና ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል፤ ለዚህ ነው እያጓራ የሚወርደው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ፍሪ ያደረገ ሹፌር ግን መኪናውን ከሞተሩ ይፈታዋል፤ መኪናው ሳያጓራ፣ ዝም ብሎ ይንሸራተታል፤ ጭነቱ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑ ይግላል፣ ይቃጠላል፣ በመጨረሻም እምቢ ይላል። መምህሩ ይህን ተናግረው ወደ ሰሌዳው ዞሩ። ሰልሳቢል ደብተሯን ዘጋች። ጆሮዋ አልተደፈነም ነበር። መኪናው ዝም ብሎ ነው የመጣው። አባቷን የገደለው ቀደር ተብሎ ዋርካ ሥር ተቀበረ እንጂ፣ የጥቂት ሊትር ናፍጣ ቁጠባ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀል እንደ ሁለተኛ ልብ ውስጧ ይመታ ጀመር። የካሚልን ደም አልፈለገችም፤ ደሙ ምን ያደርግላታል? የፈለገችው ሁለት ቃል ነው። «ፍሪ ነበር» እንዲል። እናቷ ፊት፣ ሽማግሌዎቹ ፊት፣ እዚያው ዋርካ ሥር። እሱን ሳይል ቢሞት በሞቱም እንደሸወዳት ትቆጥረዋለች።

የሥራ ክፍል ሲደለደል፣ ሌላው ጓደኛዋ ሁሉ አውሮፕላኑን ለሚያስነሣው ሲሻማ፣ እሷ የሚያቆመውን መረጠች። ከሞተሩ ሽፋን ጋር የሚሠራ ሪቨርሰር የሚባል ነገር አለ፤ አውሮፕላኑ መሬት ከነካ በኋላ የሞተሩን ግፊት ወደፊት መልሶ የሚያዘገየው። እነሆ ስድስት ዓመት እጇ ከእሱ አልወጣም። ሰማይን የሚያህል ነገር የሚበርበትን ሳይሆን የሚቆምበትን ማወቅ! ከከሚሴ የወጣች የገመድ ሻጭ ልጅ፣ ያን ሁሉ ብረት በዝናብ በራሰ አስፋልት ላይ የሚገታውን ነገር በመዳፏ ስትዳስስ ማየት እንዴት ያስደንቃል።

ዘንድሮ ከረመዳን በኋላ ፈቃድ ወስዳ ከሚሴ እናቷ ዘንድ ሰነበተች። ካሚል ሐጅ ሊሄድ ነው የሚለውን ወሬ የሰማችው በገባች ማግስት ነው። ሰውየው አሁን ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ መኪናውን ሽጧል፣ ጺሙ ነጥቷል። ሐጅ የሚሄድ ሰው ደግሞ ከመነሣቱ በፊት የበደለውን ሁሉ በየደጁ እየዞረ አውፍ ማስባል አለበት። የአላህን ሐቅ አላህ ይምራል፤ የሰውን ሐቅ ግን ሰውየው ካልማረ ካዕባም አያስምርም። ካሚል ዋርካ ሥር ሁሉም እጁን እንደሰጠው ያስባል። አንዲት እጅ እንደቀረችበት የነገሩት ሸሁ ናቸው።

መጣ። በሩ ላይ ቆሞ፣ «አከም ቡልተ፣ ኢንተለ ኮ» ብሎ በኦሮምኛ እንደ ልጁ ሰላም አላት። ከዚያ አንገቱን ሰብሮ፣ «ልጄ፣ አውፍ በይኝ» አለ።

«ነገ ይምጡ» አለችው።

በማግስቱ መጣ። ነገ ይምጡ አለችው። ሦስተኛው ቀን ዝናብ ነበር፤ ጃንጥላ የለውም፤ ነገ ይምጡ አለችው። መድና ከጓዳ ሆና አፈረች፣ ተቆጣች፣ ሽማግሌ ሰው እንዲህ አይንገላታም አለች። ሰልሳቢል የእናቷን ቁጣ ሰምታ፣ በመስኮት የሰውየውን እርጥብ ጀርባ እያየች፣ ከዓመታት ወዲህ ያልቀመሰችው ጣፋጭ ነገር አፏ ውስጥ ሲሟሟ ተሰማት። ይህን መደበቅ አይቻልም፤ ደስ አላት።

በአራተኛው ቀን አስገብታ አስቀመጠችው። አውፍ ከማለቷ በፊት አንድ ነገር እንዲነግራት ጠየቀችው፤ ያን ቀን ማርሹ ምን ላይ ነበር? ካሚል ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ተከለ።

«ፍሬን እምቢ አለኝ። የአላህ ቀደር ነው» አለ።

አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ያላደገ፣ ያልደከመ ቃል። ካሚል ወሬ ለመለወጥ ይመስላል፣ ሹፌር ሹፌር ነውና፣ አውሮፕላን ተሳፍሮ እንደማያውቅና ያ ሁሉ ነገር እንዴት እንደሚቆም እንቅልፍ እንደነሳው አወራ።

«ወደኋላ ማርሽ አለው ይላሉ። ሞተሩን ወደኋላ ያዞሩታል?»

«አያዞሩትም» አለች ሰልሳቢል። በቀሏ መንገዱን ያገኘው በዚህች ደቂቃ ነው። «ሞተሩ ወደፊት እንደዞረ ነው። እርስዎ የቦርከናን ውሃ በቦይ ወደ ማሳ መልሰው ያውቃሉ አይደል? ወንዙን ማን ወደኋላ ያስኬደዋል? ቦዩን በጭቃና በሣር ይዘጉታል፤ ጎኑን ይከፍቱለታል፤ ውሃው ራሱ ወደፈለጉት ይታጠፋል።»

ካሚል ራሱን ነቀነቀ። ጨፋ ያደገ ሰው ስለ ቦይ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ቀጠለችለት። ከፊት ያለው ትልቁ ማራገቢያ የሚስበው አየር አብዛኛው እሳቱ ውስጥ አይገባም፤ በእሳቱ ዙሪያ ባለ ሰፊ ቦይ አልፎ በኋላ ይወጣል፤ አውሮፕላኑን በብዛት የሚገፋውም እሱ ነው። ጎማው መሬት ነክቶ አብራሪው መዘውሩን ሲስብ የሞተሩ ሽፋን የኋላ ግማሽ እንደ እጅጌ ወደኋላ ይንሸራተታል። ውስጥ ያሉ መዝጊያዎች ወርደው ቦዩን ይደፍኑታል። አየሩ መሄጃ ሲያጣ፣ እጅጌው ሲገለጥ በታየው ፍርግርግ በኩል ወደ ውጭና ወደፊት ይወረወራል። ያ ነው አውሮፕላኑን ደረቱን ይዞ የሚገፋው። ሰማይ ላይ እያለ እንዳይከፈት መቆለፊያ በመቆለፊያ ላይ አለበት፤ ጎማው መሬት መንካቱን ካላወቀ አይከፈትም። ሲከፈትም ያጓራል፤ ቁልቁለት በማርሽ እንደሚወርድ መኪና።

የመጨረሻዋን ስትል ዓይኑን አየችው። ካሚል ጺሙን ዳሰሰ።

«ከክንፉ ቀደም ብሎ፣ በግራ መስኮት በኩል ወንበር ይጠይቁ» አለችው። ወረቀት ላይም ጻፈችለት። «ሞተሩን ከዚያ ሆነው ያዩታል። ጎማው ሲነካ ሽፋኑ ይከፈታል። ካልተከፈተ ሸሃዳዎን ይበሉ።»

ከነገረችው ሁሉ ውሸቱ ይኸው በሞት አፋፍ የሚባለው ሸሃዳ ብቻ ነው። አውሮፕላን በጎማ ፍሬኑና ክንፉ ላይ በሚነሡት ሳንቃዎች ብቻ እንዲቆም ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ ሪቨርሰሩ አጋዥ ነው፤ ያለሱም ይቆማል። ይህን አስቀረችበት። ካሚል ወረቀቱን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ። አውፍስ ብሎ ጠየቃት። ሲደርሱ እንነጋገራለን አለችው።

ይህ ሁሉ እስከዚህ ድረስ ክፉ ቀልድ ብቻ ነበር። ካሚል በረራው ላይ ሽፋኑ ሲከፈት አይቶ አልሐምዱሊላህ ብሎ ይወርድ ነበር። ግን ሰልሳቢል ሥራዋ ላይ በተመለሰች በሁለተኛው ሳምንት፣ ሐጃጆችን የሚያመላልሰው አውሮፕላን አመልካች መብራት አብርቶ ጥገና አዳራሽ ገባ። የግራው ሞተር ሪቨርሰር አንደኛው መቆለፊያው ይዘገያል። የፈረቃ አለቃዋ ሙጂብ የጥገና መመሪያውን ገልጦ ሁለቱን መንገድ ነገራት። ዕቃው መጋዘን አለ፤ መቀየሩ አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ ከተሯሯጡ ለበረራው ይደርሳል። ካልሆነም ደንቡ ይፈቅዳል፤ አንዱን ጎን ዘግቶና በፒን ቆልፎ፣ ለአብራሪዎቹ አስታውቆ ለተወሰኑ ቀናት ማብረር ይቻላል፤ ማረፊያው ረጅምና ደረቅ ነው።

«ሁለቱም ልክ ነው። አንቺ ምረጪ» አላት።

የተሳፋሪዎቹን ስም ዝርዝር ማየት አላስፈለጋትም። መድና ጠዋት ደውላ ነግራት ነበር፤ ካሚል ዛሬ ነው የሚበረው፤ በግራ በኩል ያለውን መስኮትም ለምኖ አግኝቷል።

ሰልሳቢል መሰላሉ ላይ ወጥታ ሽፋኑ ላይ እጇን አሳረፈች። ሦስት መቶ ሰው ይሳፈራል፤ ለአንዳቸውም አደጋ የለውም። አደጋ ቢኖረው ኖሮ፣ ፀጉር ታህል ቢኖረው ኖሮ፣ በቀሏን ውጣ አምስቱን ሰዓት ትሠራ ነበር። ግን የለውም። ለሁሉም ምንም ያልሆነ፣ ለአንድ ሰው ብቻ የተቆረጠ ዝምታ። በዓለም ላይ እንዲህ የተለካ በቀል ለማን ተሰጥቶ ያውቃል?

«እንቆልፈው» አለች።

ፒኖቹን አስገባች። ገፍታ፣ ስባ፣ መልሳ ሞከረች፤ ሁለተኛ ሰው ጠርታ አስፈተሸች። የአብራሪዎቹ መዘውር አጠገብ የግራው እንደማይሠራ የሚገልጸውን ማስታወቂያ ለጠፈች። መዝገቡ ላይ ፈረመች።

በማግስቱ ምሳ ላይ ሳለች ከጅዳ የድምፅ መልእክት መጣላት። ማንኪያዋን አስቀምጣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

«ሰልሳቢል፣ አልተከፈተም» ይላል የካሚል ድምፅ። «ጎማው ነካ፣ ዓይኔን አልነቀልኩም፣ አልተከፈተም። በዚያኛው በኩል ያጓራል፤ በእኔ በኩል ዝም። መሬቱ ይሮጣል፣ እኛ ዝም ብለን እንሄዳለን። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ፣ ልጄ። ሸሃዳዬን ልል አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ነው። ፍሪ ነበር ነው ያልኩት። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ምን አልክ አለኝ። ማርሹ ፍሪ ነበር። ለናፍጣ ብዬ ነው። አባትሽ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሲሄድ አየሁት፤ ማርሽ ላስገባ ብል አልገባ አለኝ። ይኸው ነው። አውፍ በይኝም አልልሽም አሁን።»

ሦስት ጊዜ ሰማችው። የመጀመሪያው ማር ነበር። ሁለተኛውም። በሦስተኛው አባቷ ጀርባውን ሰጥቶ ሲሄድ እሷም አየችው፤ በሹፌር መስታወት በኩል፤ ከዚህ በፊት አይታው በማታውቀው ወገን። የተረፈውን ምሳዋን አልበላችም። መልሳ የላከችው አጭር ነው። «ለእናቴ ይበሉላት። ለሽማግሌዎቹም። እዚያው ዋርካ ሥር።»

ካሚል ሐጅ ካሚል ሆኖ ተመለሰ። ከሚሴ መግቢያ ላይ ሰው በመንዙማ ሊቀበለው ተሰልፎ ነበር፤ እሱ ግን ከመኪናው ወርዶ ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ ዋርካው ሄደ። ሸህ አብዱልጀባር አሁን በሰው ትከሻ ነው የሚመጡት፤ አመጧቸው። መድና መጣች። ሰልሳቢል ለዚህ ብላ አራት ቀን ፈቃድ ወስዳ ቅዳሜ ገብታለች፤ ከእናቷ ጎን ቆማለች። ሰውየው ነጭ ልብሱን እንደለበሰ መሃል ላይ ቆሞ፣ ድምፁን ሳያነሣ፣ ከናፍጣው ጀምሮ እስከ ማርሹ ተናገረ። ያኔ በዚሁ ቦታ የዋሸው እስሩን ፈርቶ እንዳልነበር፣ ታስሮ ወጥቶ ነበርና፣ ዓይናቸውን ፈርቶ እንደነበር ተናገረ።

ሸህ አብዱልጀባር፣ በውሸት የደረቀ ደም አልደረቀም፣ እንደገና እንቀመጣለን አሉ። መድና ግን ካሚልን አላየችውም። ወደ ልጇ ዞረች።

«ጆሮሽ ደህና ነበር» አለቻት።

ሰልሳቢል ይህን ያህል ዓመት የጠበቀችው «ፍሪ ነበር»ን ይመስላት ነበር። የጠበቀችው ይህን ኖሯል። ጠባሳ ያለበትን እጇን ዘርግታ ለካሚል ሰጠች፤ አውፍ አለችው፤ ዱአ ተደረገ።

ሰው እየተበተነ ሳለ ካሚል ቀረብ አላት። እየተፈወሰ እንዳለ ሰው ድፍረት አግኝቷል።

«ግን ያ ሞተር ለምን አልተከፈተም?» አላት። እንደ ሹፌር ነው የጠየቃት።

መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። መቆለፊያው እምቢ አለ፤ የአላህ ቀደር ነው። የራሱን ቃል፣ አሥራ ሦስት ዓመት ያበላትን፣ መልሳ ልታጎርሰው ትችላለች። በጣም ፈለገች። አፏን ከፈተች፤ ቃሉ የእሱን ጣዕም ይዞ ስለመጣባት ተፋችው።

«እኔ ነኝ የቆለፍኩት» አለች። «እንዳይከፈት። እርስዎ በግራ እንደተቀመጡ እያወቅሁ።»

«እና ብንሞትስ?»

«አይሞቱም ነበር። ያለሱም ይቆማል። እሱን ነው ያልነገርኩዎት። ሸሃዳዎን ይበሉ ያልኩዎትም ለዚያ ነው፤ እንዲፈሩ ብዬ።»

ነጩ ልብሱ በነፋስ ሲርገበገብ ሰማችው፤ ያ የሸራ ድምፅ ነበር፤ አልሸሸችም።

«አውፍ ይበሉኝ» አለች።

ካሚል መቁጠሪያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ነገ ነይ» አላት።

ነገ እሁድ ነበር፤ ሄደች። ዘወር ብሎ አየና፣ ነገ ነይ አላት። ሰኞ ሄደች፤ በሩ ላይ ያሉት ጎረቤቶች ነገሩ ገብቷቸው አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ማክሰኞ ዝናብ ዘነበ። ጃንጥላ ይዛ ልትወጣ ስትል መድና ከእጇ ቀማቻት፤ እሱ ሳይዝ ነው የመጣው አለቻት። ሰልሳቢል በዝናቡ ሄዳ፣ በዝናቡ ነገ ነይ ተብላ ተመለሰች።

አራተኛው ቀን ረቡዕ ነው። ረቡዕ ጠዋት ግን ፈረቃ አለባት። ልብሷን ከጨመቀች በኋላ ለሙጂብ ደውላ አንድ ቀን እንዲጨምርላት ለመነችው። ሙጂብ ምን ገጠመሽ አላት።

«ደጅ እየጠናሁ ነው» አለችው።